የጽድ ሬዲዮ ጥላ

የማርያምወርቅ የሰው ስልክ ለመስማት ብላ አልተቀመጠችም። የዘሊካ ሱቅ ውስጥ፣ ከሽንኩርቱ ጆንያ ጀርባ፣ የሁልጊዜ በርጩማዋ ላይ ሆና ጉልበቷን እያሸች ነበር። የሰፈሩ ሬዲዮ ኃላፊ በርናባስ ከውጭ ቆሞ በአንድ እጁ የታሸገ ውሃ እየተቀበለ፣ በሌላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ "ተቆጣጣሪዎቹ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ" ይላል። "እኔ ምን ላድርግ? ጥፋቱ የቴክኒሻኗ ነው እንላቸዋለን። የስንብት ደብዳቤዋን አዘጋጁልኝ፣ እነሱ ፊት እሰጣታለሁ። እርምጃ ወስደናል ማለት ያ ነው።" ከዚያ ለዘሊካ አንገቱን ሰበር አድርጎ አመሰገነና ዳገቱን ወጣ። ጨዋ ሰው ነው። የማርያምወርቅን ያንገበገባትም ጨዋነቱ ነው፤ ባለጌ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ በርጩማውን ትወረውርበት ነበር።

ቴክኒሻኗ ሀይማኖት የሟች እህቷ ልጅ ናት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ አልጋ ላይ። ጽድ ሬዲዮ የሚባለው የሰፈሩ ጣቢያ ደግሞ ከቤታቸው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ያለ አንድ ረጅም ምሰሶና ሦስት ክፍል ነው። ሀይማኖት እዚያ ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው። ለየማርያምወርቅ ሬዲዮው ማለት ሀይማኖት ናት፤ ውስጡ የሚያወሩት ሁሉ በእሷ ቸርነት የሚያወሩ ነው የሚመስላት። ይህ ሬዲዮ ነው እንግዲህ ከሦስት ሳምንት ወዲህ የተከሰሰው። ጥላ ይጥላል ተባለ። በተሰጠው ቦታ ብቻ መሰማት ሲገባው፣ ያው ድምፁ ቀጠን ብሎ በሌላ ሬዲዮ ቦታ ላይም ይሰማል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ዝምታ ነው። ሀይማኖት ሳይነጋ ትወጣለች፤ ስትመለስ ሳህኗን ገፋ ታደርግና ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች። የማርያምወርቅም አትጠይቅም። የሆድን በሆድ መያዝ በዚያ ቤተሰብ ከደም ጋር የሚመጣ ነገር ነው፤ እህቷም እስክትሞት ድረስ ምን እንደሚያማት አልተናገረችም።

"ሰሙት አይደል?" አለች ዘሊካ፣ ሚዛኑን እየወለወለች።

"ጆሮዬን ገና አልሸጥኩትም።"

"ልጅቷ ታሳዝናለች። ግን እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ የእናንተ ሬዲዮ እኔንም በድሎኛል።"

"አንቺን ደግሞ ምን አደረገሽ?"

"ጀናኔ በኮሌጃቸው ሬዲዮ ቀትር ላይ ታወራለች። አራት ወሯ። እናቷ ግን አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም። ጠዋት ስከፍተው ጥርት ይላል። አራት ሰዓት ሲሆን የእናንተ ሰውዬ ስለ ቆሻሻ አወጋገድ እያወራ ከሥሩ ብቅ ይላል። እሷ በምትገባበት ሰዓት ጭራሽ እሱ ብቻ ነው። ልጄን ልሰማ ብዬ የቆሻሻ ነገር አውቄ ቀረሁ።"

"ጠዋት ጥርት ይላል ነው ያልሽኝ?"

"ልክ እንደ ውሃ።"

"አንድ ቀን ነው ወይስ ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ። ፀሐይ ሞቅ እስክትል ነው።"

የማርያምወርቅ ጉልበቷን ማሸቱን ተወች። ሃያ ሁለት ዓመት ከእንጦጦ ቅጠል በጀርባዋ ያወረደች ሴት ናት። የባሕር ዛፍ ቅጠል በጤዛ ነው የሚታሰረው። እርጥብ ስለሆነ ያብጣል፣ ገመዱም ጥብቅ ይላል፤ ሸክሙ ከግራም ከቀኝም ልክ ሆኖ ጀርባ ላይ ጉብ ይላል። ቁልቁለቱን እየወረዱ ፀሐይ ሲወጣ ግን ቅጠሉ ይደርቅና ይሟሽሻል፣ ገመዱ ይላላል፣ አንዱ ወገን ተንሸራቶ ወገብን ያጣምማል። አዲስ የመጣችዋ ሴት ጥፋቱ የአስተሳሰሯ ይመስላታል። በማግስቱ በጤዛ ይበልጥ አጥብቃ ታስራለች፤ በማግስቱም ይጣመማል፤ ታለቅሳለች። የቆዩት ሴቶች ግን በጤዛ ስለ ማጥበቅ አይጨነቁም፤ ፀሐዩ ቅጠሉን እስኪያደርቀው ጠብቀው፣ መንገድ ላይ አንዴ ያወርዱና እዚያው ይፈቱታል፣ እዚያው ያስሩታል። ከዚያ በኋላ ቤት እስኪገባ ንቅንቅ የለም። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም፤ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ወገቧን ከፍላበት ነው ያወቀችው።

ማሽንና ቅጠል አንድ ነው አላለችም። ያን ያህል ሞኝ አይደለችም። ግን ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዳገቱንም ሁለቴ ብቻ አርፋ ወጣችው።

የማሽኑ ክፍል የአንድ ሰው ማዕድ ቤት ያክላል። ጥግ ላይ የቆመው ብረት ሳጥን ያጉረመርማል፣ በጀርባው ያለው ማራገቢያ ሞቃት አየር ይተፋል። ሀይማኖት የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጉልበቷ መሃል ከታ ታየዋለች፤ የታመመ ሰው የሚጠብቅ ሰው እንደሚቀመጠው።

"እቴቴ? ምን ሆነሽ ነው?"

"እኔ ምን እሆናለሁ። የምትባረሪው አንቺ ነሽ።"

ሀይማኖት አልደነገጠችም። "አውቃለሁ" አለች በቀስታ። ማሽኑ ብቻ አጉረመረመ። የማርያምወርቅ ይህን ዝምታ ከቤት ታውቀዋለች፣ ዛሬ ግን ጊዜ የላትም።

"ይሄን ጉድ የምታስተካክይው ስንት ሰዓት ነው?"

"አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ስርጭቱ ሳይጀምር።"

"ማሽኑ በርቶ ምን ያህል ቆይቶ?"

"እንዳበራሁት። አቶ በርናባስ አየር ላይ እያለ አይነካም ብሏል። አስተካክዬ ወደ ታች እወርድና በስልኬ አዳምጣለሁ፤ ጥላው የለም። ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። ቀትር ላይ ደግሞ..."

"ደግሞ ይመጣል። ዘሊካ ነግራኛለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ አፋፍ ላይ የሚሞቅ ነገር አለ?"

ሀይማኖት እጇን ሳጥኑ ጎን ላይ አሳረፈች፣ ወዲያው አነሳችው፤ መዳፏን አየችው። "ሙቅ ነው" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ተነስታ ማውራት ጀመረች፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያን ያህል ተናግራ አታውቅም። ማሽኑ ድምፁን ለሁለት ከፍሎ በሁለት መንገድ ነው የሚወስደው አለች። ሁለቱ በጉልበት እኩል መሆን አለባቸው። ደግሞ አንዱ ከሌላው ሩብ ዙር ብቻ፣ ልክ ሩብ፣ ወደኋላ መቅረት አለበት። እንደዚያ ሲሆን መጨረሻ ላይ ሲገናኙ ጥላው ራሱን በራሱ ያጠፋል። አንዱ ትንሽ ከበረታ ወይም ሩቧ ትንሽ ከተዛነፈች ግን ጥላው ይተርፋል፣ ማዶ ተሻግሮ የሰው ቦታ ላይ ይቀመጣል። እሷ ሁለቱንም በብርድ ታስተካክላለች፤ ማሽኑ ሲሞቅ ሁለቱም ይንሸራተታሉ።

"በጤዛ አስረሽው ነዋ" አለች የማርያምወርቅ።

"ምን?"

"ምንም። አሁን እንደሞቀ አስተካክዪው።"

"በምን ለክቼ? መለኪያው የተቆጣጣሪዎቹ ነው። እዚህ ሬዲዮ ብከፍት ምሰሶው ሥር ስለሆንኩ ሁሉም ቦታ የሚጮኸው የእኛው ነው። ራቅ ብሎ ጥላውን ብቻ የሚሰማልኝ ሰው ያስፈልገኛል። በዚያ ላይ አቶ በርናባስ አይፈቅድም።"

"የሚሰማው ሰው እዚህ ቆሟል። ያንን ሰውዬ ለእኔ ተዪው።"

የበርናባስ ቢሮ ከማሽኑ ክፍል ቢሰፋም ሙቀት የለውም። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፖስታ ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላት።

"እንኳን ደህና መጡ እማማ።"

"ደህና አልመጣሁም። አሥር ሰዓት ላይ ማንን ነው የምታባርረው?"

በርናባስ ፖስታውን አየ፣ ከዚያ በሩን አየ። "ማን ነገረዎት?"

"አንተ ነሃ። በስልክህ ሽንኩርቱ አጠገብ ስትጮህ። ልጅቷ ማሽኑን አሁን፣ እየሠራ፣ እንደሞቀ ትንካው።"

"አየር ላይ እያለማ አይሆንም። ቢቃጠልስ? ማን ይጠየቃል?"

"ቢቃጠል ማንን ታባርራለህ?"

"ያው... ቴክኒሻኗን።"

"ባይቃጠልስ?"

በርናባስ ጣቱን ፖስታው ላይ አሳረፈ።

"ሰው ሁለቴ አይባረርም፣ ልጄ። በአንድ ደብዳቤ ሁለት ጥፋት ሸኘህ ማለት ነው። ምን ጎደለብህ?"

ሰውየው ግንባሩን አሸ። ክፉ አይደለም፤ ፈሪ ነው፤ የማርያምወርቅ ልዩነቱን ታውቃለች፣ ግን ለፈሪም ብዙ አታዝንም። ዋስ ያስፈልጋል አላት በመጨረሻ፣ ለማሽኑ ዋስ የሚሆን ንብረት ያለው ሰው። ያስፈራራት መስሎት ነው። እሷ ደግሞ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ጎተተችና፣ ቤት አለኝ፣ ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ ጻፈው አለችው። ጻፈ። አውራ ጣቷን የማኅተሙ ቀለም ላይ ደፍቃ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ ቀለሙንም በነጠላዋ ሳይሆን በእሱ መጋረጃ ጠረገችው።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ዘሊካ የሱቁን አንድ በር ዘግታ፣ ሬዲዮዋን የሳሙና ካርቶን ላይ አስቀምጣ፣ የኮሌጁ ቦታ ላይ አድርጋዋለች። እዚያ ቦታ ላይ ግን የጽድ ሬዲዮ ሰውዬ ነበር፤ ዛሬ ስለ ደረቅ ቆሻሻ። የማርያምወርቅ ጆሮዋን ሬዲዮው ላይ ደገፈች፤ በሌላው ጆሮዋ የዘሊካን ስልክ ያዘች። አንድ ደንበኛ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ስንት ነው ብሎ ገባ፤ ዘሊካ ስድሳ ነው፣ አሁን ግን አልሸጥም፣ ዝም ካልክ ቆመህ ማየት ትችላለህ አለችው። ከሾላ በሚኒባስ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት የምታመጣ፣ ደንበኛ መልሳ የማታውቅ ሴት ናት።

"እቴቴ፣ የመጀመሪያውን ጀመርኩ። ጉልበቱን ነው። ሲቀንስ ንገሪኝ።"

"ንኪው እስቲ። ... ምንም የለም። ... ጨመረ፣ ጨመረ፣ ተመለሺ። ... አዎ፣ ሄደ። ወደ ውስጥ ገባ። ጎረቤት ቤት የሚያወራ ነው የመሰለው። ... አለፍሽው፣ ተመለሺ አልኩሽ። እዚያ ጋ። ከዚያ አይወርድም።"

"እሺ። አሁን ሩቧን።"

የሩቧ ነገር ጭንቅ ነበር። በጣት የማይዳሰስ ያህል ስትነካት ሰውየው ዘሎ ይመጣል፣ ደግሞ ይሰምጣል። የማርያምወርቅ ዓይኗን ጨፈነች። ሸክም ከኋላ ሆና ስታስተካክልላቸው የነበሩ ሴቶች ይህን ፊት ያውቁታል፤ ገመዱ የት ላይ እንደሚቆም በጆሮዋ የምታዳምጥ ትመስል ነበር። ቀነሰ አለች። ቀነሰ። ትንሽ። ከዚያች በታች። የቆሻሻው ሰውዬ ቃል መሃል ተሰነጠቀና፣ በስንጥቁ የሴት ልጅ ሳቅ ገባ።

ዘሊካ የያዘችውን ማንኪያ ስኳሩ ውስጥ ጣለችው።

"...እናቴ ሽንኩርት ስትመዝን ሚዛኑን አታይም" ትላለች ጀናን በሬዲዮው፣ ጥርት ብላ፣ አጠገባቸው የቆመች ያህል። "የገዢውን ፊት ነው የምታየው። ፊቱ ከከፋው አንድ ራስ ትጨምርለታለች፤ ደስ ካለው ደግሞ ትቀንስበታለች። ሂሳቡ ማታ ሲሰላ ግን ልክ ይመጣል። ኢኮኖሚክስ አስተማሪዬን ብጠይቀው ማብራራት አቃተው።"

"ይህቺ ልጅ" አለች ዘሊካ፣ "አራት ወር ሙሉ ለከተማው እኔን ነው የምታወራው?" እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ እንባዋ ግን በሳቅ መሃል ነበር የሚወርደው። ደንበኛው ጆንያውን ደግፎ ይስቃል።

"ደግሞ ከሽንኩርቱ ጆንያ ጀርባ የምትቀመጥ አንዲት አሮጊት አለች" ቀጠለች ጀናን። "ሱቁ የእሷ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው ነው። እሷም ታስባለች።"

"አሮጊት?" አለች የማርያምወርቅ።

"እማማ፣ ልጅ ናት..."

"ሱቁንስ ተይው። አሮጊት?"

በስልኩ ሀይማኖት፣ "እቴቴ ምን ተፈጠረ? ጠፋ ወይ?" እያለች ትጮሃለች። ጠፋ አለቻት። ዘሊካ በቃ፣ አለቀ፣ ደህና ሆነ ብላ ሱቁን ልትከፍት ተነሳች። የማርያምወርቅ ግን ጀናን ተናግራ እስክትጨርስ፣ የኮሌጁም ሬዲዮ ስምንት ሰዓት ላይ እስኪዘጋ ከበርጩማዋ አልተነሳችም። ሲዘጋ እሽሽታ ብቻ ቀረ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ቀጭን ዝናብ። ዘሊካ ምንም አይሰማትም። የማርያምወርቅ ግን ከዝናቡ ሥር፣ በጣም ታች፣ ሰውየውን ሰማችው። ጀናን ጮክ ብላ ስለሸፈነችው ነው እንጂ እዚያው ነበር።

"ሀይማኖት።"

"አቤት እቴቴ።"

"አልሄደም። ከሥር ተኝቷል።"

"ለሰው ጆሮ ግን በቂ..."

"የሚመጡት በጆሮ አይደለም የሚለኩት። ጀምሪ ከመጀመሪያው።"

እንደገና ጉልበቱን፣ እንደገና ሩቧን፣ እንደገና ጉልበቱን። አንዷን ሲያስተካክሉ ሌላዋ በትንሹ ትነቃነቃለች፤ ግን በየዙሩ መነቃነቋ እያነሰ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። የማርያምወርቅ አንገቷ ደረቀ፣ ዘሊካ ከኋላዋ ቆማ ትከሻዋን ታሽላታለች፣ ደንበኞችም በር ላይ ተሰብስበው አንዱ ሌላውን እሽ ዝም በል ይለዋል። በአምስተኛው ዙር ሰውየው ቀጥኖ ትንፋሽ ሆነ። በስድስተኛው ዝናቡ ብቻ ቀረ። የማርያምወርቅ አሥር ትንፋሽ ያህል ጠበቀች፤ ዝናብ ነው።

"ተዪው" አለች። "እጅሽን አንሺ። በአያትሽ እጅሽን አንሺ።"

የተቆጣጣሪዎቹ መኪና ዳገቱን አልደፈረም፤ ሜዳ የሆነው የዘሊካ ሱቅ ፊት ብቻ ስለሆነ እዚያው ቆመ። ነገሳ የሚባል ጠና ያለ ሰውና አንዲት ወጣት ሴት ወረዱ፣ አንቴናውን ከመኪናው አናት አቆሙ፣ ተመልሰው ገብተው መለኪያውን ጭናቸው ላይ አድርገው ማየት ጀመሩ። በርናባስና ሀይማኖት ከላይ ወርደው ጎን ለጎን ቆሙ። ፖስታው በርናባስ ብብት ሥር ነው። ሀይማኖት አክስቷን አታይም፣ አክስቷም አታያትም፤ ሁለቱም መሬት ያያሉ።

ነገሳ መለኪያውን አየ። ወጣቷን አየ። ገመዱን ነቅሎ እንደገና ሰካ። ሁለተኛ አየ። "ባለፈው ሳምንት እዚህ መስመሩ ላይ ተራራ ነበር" አላት፤ "አሁን የት ሄደ?" ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቁ፣ ከጠበቁም በኋላ ያው ነበር። ነገሳ ከመኪናው ወረደ።

"ጥላው የለም" አለ። "ከሚፈቀደው በብዙ ያነሰ ነው። ማን ነው ያስተካከለው?"

በርናባስ አፉን ከፍቶ ነበር። የማርያምወርቅ አየችው፤ አፉን ዘጋ። "ቴክኒሻናችን ናት" አለ። "ሀይማኖት።" ሀይማኖትም ማሽኑ ከነገ ጀምሮ አንድ ሰዓት ሳይሞቅ ስርጭት እንደማይጀምር አስረዳች። ወጣቷ ተቆጣጣሪ ፈገግ ብላ ትጽፋለች።

"ብብትህ ሥር ያለውን ቅደደው" አለችው የማርያምወርቅ በርናባስን፣ በጆሮው። ቀደደው። "የዋስትናውንም።" እሱንም ከኪሱ አውጥቶ ቀደደው፤ ቁርጥራጩን የት እንደሚጥል ግራ ሲገባው ዘሊካ የቆሻሻ ካርቶኗን ዘረጋችለትና፣ ደረቁን ለብቻ ነው አለችው፤ አራት ወር ሙሉ የተማረችውን ነው።

ነገሳ ወጣቷ የምትሞላውን ቅጽ ተቀብሎ ወደ ታች እያነበበ ቆም አለ። "እዚህ ላይ በየትኛው መሣሪያ እንደተለካ ይላል። በምን ለካችሁት?"

ሀይማኖት ወደ አክስቷ ጠቆመች። "በአክስቴ ጆሮ።"

ነገሳ የሚቀልዱበት መስሎት በርናባስን አየ፤ በርናባስ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ዘሊካን አየ፤ ዘሊካም። ደንበኞቹ ሁሉ። "ይሄ ቦታ ባዶ አይተውም እኮ" አለ ሰውየው።

"ባዶ ተወው ማን አለህ? ስሜን ጻፍበት። የማርያምወርቅ ሀብተወልድ። ወይዘሮውን እንዳትረሳ።"

ወጣቷ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መኪናው ዞረች። ነገሳ ግን ሽማግሌ ነው፤ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ፊደሉን አሳምሮ ጻፈ።

"አንብበው።"

"የመለኪያ መሣሪያ፦ የወይዘሮ የማርያምወርቅ ሀብተወልድ ጆሮ።"

የማርያምወርቅ ፊደል አትቆጥርም። ግን ወረቀት ይዞ የሚዋሽ ሰው አንድን ውሸት ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል መድገም እንደማይሆንለት በዕድሜዋ አይታለች። "ድገመው" አለችው።

ደገመው። አንዲት ቃል አልጎደለችም፣ አንዲት አልተጨመረችም። ሀይማኖት ከአክስቷ ጎን መጥታ ክንዷን ያዘች፤ ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም፣ የማርያምወርቅም ክንዷን አልነጠቀችም።

"እሺ" አለች። "አሁን ማኅተሙን ምታበት።"